በመስታወት ላይ የሚንሸራተት፣ በጉሮሮ የማይወርድ

የተማረ ሰው ዓይን አንድ ክፉ አመል አለበት፤ በማጉያ መነጽር ካልሆነ አያይም። የፀጉር ስንጣቂ የምታክል ነገር ትታየዋለች፣ አጠገቡ የተቀመጠ ሰው ግን ያመልጠዋል። ሰው አማ እንዳትሉኝ፤ እኔም ከዚያው ጎራ ነኝ። ሶዶ ላይ ፊዚክስ ሳስተምር ይኸው ሸበትኩ።

ጴጥሮስ የቢሮ ባልደረባዬ ነው። አራት ዓመት ሙሉ ያጠናው ወፍራም ፈሳሽ ውኃ በማይቀበል ገጽ ላይ እንዴት እንደሚንሸራተት ነበር። ነገሩ እንደ ስሙ አያስፈራም። ማር ሰሃን ላይ ብታፈሱ ላዩ ይሄዳል፣ ግርጌው ሙጭጭ ይላል። ገጹ ውኃ የማያስጠጋ ሆኖ በጥቃቅን ቦዮች ከተሸነተረ ግን በቦዮቹ ውስጥ አየር ይታፈንና ፈሳሹ ገሚሱን መንገድ በአየር ላይ ይሄዳል። ቦዩን ተከትሎ ሲወርድ ይቀለዋል፤ ሲያቋርጠው ይለግማል። አየሩ ካመለጠ ደግሞ አለቀ፤ ይጣበቃል። ጴጥሮስ ያችን አየር ሲጠብቅ ነው የከረመው።

አንድ ረፋድ ላይ እናቱ ከገሱባ መጡ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ጓሯቸውን ብቻቸውን የሚቆፍሩ ሴት ናቸው። በሩ ሥር ካለው ወንበር ተቀምጠው ጴጥሮስ ቦይ የሸነተረበትን መስታወት ጥቂት አዩት። ጠብታው ድቡልቡል ብሎ ሲንከባለል፣ ይኼማ የጎደሬ ቅጠል ነው አሉ በወላይትኛ። እውነታቸውን ነበር፤ የጎደሬ ቅጠልም ውኃን የሚያባርረው በዚሁ ዘዴ ነው። ጴጥሮስ ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል።

ሳቃችን ሲያበቃ የመጡበትን ተናገሩ።

"ልጄ፣ እህል አልወርድ አለኝ። ቆጮው ይቅርና ሾርባውም ጉሮሮዬ ላይ ይቆማል።"

ጴጥሮስ ዓይኑን ከማጉያው ሳያነሳ፣ "ይህን ልኬት ልጨርስና በሚቀጥለው ሳምንት ሐኪም ቤት እንሄዳለን፣ እማዬ" አላቸው።

ሥራህን ጨርስ ብለው ተነሡ። ነጠላቸው ሸርተት ሲል የአንገታቸው አጥንት ገጥጦ አየሁ። አየሁና ምን አደረግሁ? መናኸሪያ ድረስ ሸኝቼ የመስኮት ወንበር ያዝኩላቸው። ይኸው ነው።

ሳምንቱ ወር ሆነ፣ ወሩ ሦስት። ልኬት አንዱ ሲያልቅ ሌላውን ይወልዳል። ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ ዕጢ የጉሮሯቸውን መንገድ ዘግቶት ነበር። ሐኪሙ ምነው ቀደም ብትሉ አለ። ከዚያ በኋላ ጴጥሮስ ከአልጋቸው ሥር አልተነሣም፤ ማር በውኃ አቅጥኖ በሻይ ማንኪያ፣ ጠብ እያደረገ ያጠጣቸው ነበር። እሳቸው አንድ ቀን ሥራህ አለቀ ወይ ብለው ጠየቁት። አለቀ አላቸው። እንኳንም አለቀልህ ብለው መረቁት። መጨረሻ ላይ ማሩም አልወርድ አለ።

በተቀበሩ በሦስተኛው ቀን ጥናቱ ለኅትመት ተቀባይነት ማግኘቱን የሚገልጽ ደብዳቤ መጣ። የክፍላችን መምህራን ለቅሶ ልንደርስ ተሰልፈን ገባን፤ ፊተኛው ሰው ግን ሁለቱንም ወሬ ሰምቶ ስለነበር የቱን እንደሚያስቀድም ግራ ገባው።

"እግዚአብሔር ያጽናህ" አለው እጁን ይዞ፤ ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እንኳን ደስ አለህ።"

ጴጥሮስ ለሁለቱም አንድ "አሜን" አለ።