ሳይናገሩ የተናገሩት ጋሽ ፍንጭ

ሦስት ሰዎች ለሥራ በተሰበሰቡበት ክፍል ሁሉ፣ ሳይናገር የተናገረ የሚመስለው አንድ ሰው አይታጣም። ይህ ሰው መስኮት እንዲዘጋለት ሲፈልግ «መስኮቱን ዝጉልኝ» ማለትን እንደ ብልግና ይቈጥረዋል። ትከሻውን ሰብሰብ አድርጎ «የዛሬው ንፋስ ደግሞ…» ይልና ዐረፍተ ነገሩን ማሠሪያ አንቀጹን እንደነፈገው ይተወዋል። አንባቢ ሆይ፣ ይህን ሰው ታውቀዋለህ። ወይ አለቃህ ነው፣ ወይ አማትህ ናት፣ ወይም በትሕትና ይነገርና፣ አንተው ራስህ ነህ።

የእኛ ባለታሪክ የልብስ ስፌት ቤት ባለቤት ናቸው። ሠራተኞቻቸው ፊት ለፊት «ጋሼ»፣ በሌሉበት ደግሞ «ጋሽ ፍንጭ» ይሏቸዋል። ክቡርነታቸው ስድስት የስፌት መኪና፣ ሁለት ካውያና አንድ የማይናወጥ እምነት አላቸው፤ እምነቱም «ለብልህ አይነግሩም፣ ለአንበሳ አይመትሩም» የሚለው ነው። መልካም አባባል ነው። ጉድለቱ፣ ብልሁ ያልተነገረውን ነገር በምን እንደሚያውቀው አለመግለጹ ብቻ ነው።

ጋሽ ፍንጭ አንድ ጊዜ ሲያስሉ ትርጉም አለው፤ ሁለት ጊዜ ሲያስሉ ሌላ ትርጉም አለው፤ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው ጣሪያ ጣሪያውን ሲያዩ ደግሞ ጉዳዩ ከባድ ነው። በመጨረሻ «ገብቷችኋል» ብለው ይወጣሉ። ይህ ጥያቄ አይደለም፤ የስብሰባ መዝጊያ ነው። ስለ ንፋሱ የተናገሩ ዕለት አንጋፋው ሰፊ መስኮቱን ዘጋ፤ ካውያ የምትይዘው ሴት ካፖርታቸውን አመጣችላቸው፤ ቁልፍ ሰፊዋ ደግሞ የልብስ ንድፉ እንዳይበር መቀስ ጫነችበት። ከሦስቱ አንዱ መምታቱ አይቀርምና ጋሽ ፍንጭ በሠራተኞቻቸው ማስተዋል ረኩ። ለደንበኞቻቸውም «የእኔ ልጆች ዓይኔን አይተው ነው የሚሠሩት» እያሉ ይመካሉ። ቤታቸውም ቢሆን ያው ነው። በምሳ ላይ አንገታቸውን ዘንበል ካደረጉ፣ ሠላሳ ዓመት አብረዋቸው የኖሩት ባለቤታቸው ጨው፣ ውሃ፣ ፎጣና የጥርስ መጐርጐሪያ በአንድ ጊዜ ያቀርቡላቸዋል።

እንዲህ ባለው ሰላም ላይ ነው አዲሷ ቀዳጅ የመጣችው።

ጨርቁን በልክ እየቀደደ ለሰፊዎቹ የሚያቀርበው የቀድሞው ቀዳጅ ጡረታ ሲወጣ፣ ቁልፍ ሰፊዋ የእኅቷን ልጅ ይዛ መጣች። አክስቲቱ ለጋሽ ፍንጭ ሁሉንም ነገር አንድ በአንድ ነገረቻቸው፦ ልጅቱ ኦቲዝም እንዳላት፣ አእምሮዋ የሚሠራበት መንገድ ከብዙዎቻችን እንደሚለይ፣ ጫጫታ እንደሚያደክማት፣ የሰው ዓይን ትኩር ብሎ ማየት እንደማይሆንላት፣ በግልጽ የተነገራትን ሥራ ግን ከማንም አስበልጣ እንደምትሠራ። ጋሽ ፍንጭ ከዚህ ሁሉ የሰሙት የተባለውን ሳይሆን ከጀርባው ተደብቋል ብለው የጠረጠሩትን ልመና ነበር። «ገብቶኛል፣ ገብቶኛል» ብለው አቋረጧትና የሦስት ወር የሙከራ ጊዜ ሰጡ።

የሃያ ስምንት ዓመቷ ቀዳጅ ወፍራም የጆሮ መሸፈኛዋን አድርጋ ከጥግ ጠረጴዛ ላይ ተሰየመች። ከቀደደቻቸው አርባ እጅጌዎች አንዱ ከሌላው በክር ውፍረት እንኳ አይበልጥም። ሠራተኞቹ በሳምንቱ «ወይዘሪት ሚሊሜትር» የሚል ስም አወጡላት። ስሙን ስትሰማ ጥቂት አሰበችበትና «ሚሊሜትር እንኳ ትልቅ ነው፤ ግን ይሁን» አለች።

ከባለቤቱ ጋር ግን አልተግባቡም። ጋሽ ፍንጭ መጀመሪያ ቀን ሁለት ጊዜ ቢያስሉባት መሸፈኛዋን አንሥታ አመመዎት ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። መነጽራቸውን ቢሰቅሉ ጠብቃ ጠብቃ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። «ያ ነገር እንግዲህ…» ብለው ሲጀምሩ፣ ጋሽ ፍንጭ ከምድር ቃላት ሁሉ አብልጠው የጠሉትን ቃል አወጣች፦ «ማለት?» በቀን ስድስት ጊዜ፣ ሰባት ጊዜ «ማለት?»። እሳቸውም እንድትለቃቸው ሲሉ ጥርሳቸውን ነክሰው መልሱን ይነግሯታል፤ እሷም መልሱን በትንሽ ደብተር ላይ ጽፋ ትቀጥላለች። ለጋሽ ፍንጭ ይህ ሁሉ ንቀት መሰላቸው። የሌላውን ሰው ጠባይ በራሳችን ጠባይ መስፈር የቆየ ስሕተታችን ነው።

በአሥረኛው ሳምንት አንድ ትምህርት ቤት መቶ ሃያ የተማሪ ካፖርት አዘዘ። ርእሰ መምህርቷ ጨርቁን ይዛ መጣች። ጋሽ ፍንጭ የጥቅሉን ጫፍ በሁለት ጣታቸው አሹት፤ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እህ… ይህ ጨርቅ ገና ነው። ገብቷችኋል።»

ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ከጥግ በኩል ግን ቀዳጇ መሸፈኛዋን አወረደች።

«ገና ማለት? ምን ይደረግ?»

«ለብልህ አይነግሩም፣ ልጄ» አሉ ጋሽ ፍንጭ፣ በእንግዳዋ ፊት ፈገግ ለማለት እየታገሉ።

«ብልህ መሆኔን አላውቅም። ፊትዎንም ማንበብ አላውቅበትም። ጨርቁን ምን ላድርገው?»

ርእሰ መምህርቷ ሳቋን ለመደበቅ ወደ መስኮቱ ዞረች። የጋሽ ፍንጭ ጆሮ ጋለ። ቀዳጇም እስኪነገራት ድረስ እንደማትቀድ አስታውቃ መቀሷን አስቀመጠች።

ጋሽ ፍንጭ ወደ ቢሯቸው ገብተው ወረቀት አወጡ። የሙከራ ጊዜዋ ሲያበቃ ሥራው እንደማይቀጥል ያለ ማሳል፣ ያለ መነጽር ሰቀላ ጻፉ። በሕይወታቸው በግልጽ የጻፉት የመጀመሪያ ደብዳቤ የስንብት ደብዳቤ መሆኑን ልብ አላሉትም። ከዚያም አንጋፋውን ሰፊ አስጠርተው፣ ጨርቁ ምን እንደሚደረግ ለዚያች ልጅ እንዲያስረዳት አዘዙት።

አንጋፋው ሰፊ ራሱን አከከና ሁሉም የየራሱን ትርጉም ይዞ እንደወጣ ነገራቸው። በእሱ ግምት ጨርቁ ገና ነው ማለት ተራው ዛሬ አይደለም ማለት ነበር። ካውያ ያዧ ገና ያልተተኰሰ ነው ብላ ካውያዋን አግላለች። ቁልፍ ሰፊዋ ደግሞ ገና ተጨማሪ ጥቅል ይመጣል ብላ መደርደሪያ እያስለቀቀች ነው።

ጋሽ ፍንጭ ከወንበራቸው ተነሡ። የእሳቸው «ገና» ጨርቁን ውሃ አልነካውም ማለት ነበር። ተነክሮና ደርቆ ካልተቀደደ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል፤ መቶ ሃያ ልጆች እጅጌው ክርናቸው ላይ የቀረ ካፖርት ይለብሳሉ።

«አሥራ አምስት ዓመት አብረን ሠርተን ይህን ታጡታላችሁ?» አሉ።

አንጋፋው ሰፊ በሩን ዘጋ።

«ጋሼ፣ አይቈጡኝና እውነቱን ልንገርዎት። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ስንገምት ነው የኖርነው። እርስዎ ሲወጡ ምን ማለታቸው ነው እያልን እንከራከራለን፤ ገሚሱን ጊዜ ስተን በምሳ ሰዓት ፈትተን እንሰፋለን። ልጅቱ ከመጣች ወዲህ ግን እርስዎ እንደወጡ ደብተሯን ሄደን እናነባለን።» ዓይኑ ጠረጴዛው ላይ ያለው ወረቀት ላይ አረፈ። «እሷ ከሄደች ማን ይጠይቅልናል?»

ጋሽ ፍንጭ አላሳሉም። የሚመኩበት ማስተዋል የሠራተኞቻቸው ፍርሃት ሆኖ አገኙት፤ እንደ ንቀት የቈጠሩት ጥያቄ ደግሞ ቤታቸውን ከውርደት አተረፈላቸው። ወጥተው ጨርቁ ለብ ባለ ውሃ እንዲነከርና በጥላ እንዲደርቅ በቃል ተናገሩ። ቀዳጇ ጻፈች። ደብዳቤውም ተቀደደ።

ይሁን እንጂ ጠባይ በአንድ ቀን አይለወጥም። የሦስተኛው ወር የመጨረሻ ዓርብ ሲደርስ ካፖርቶቹ ሁሉ ተሰፍተው ተሰቅለዋል። ጋሽ ፍንጭ ጠዋት በቀዳጇ ጠረጴዛ አጠገብ አለፉና «ከእንግዲህ እንግዲህ…» አሉ። ከሰዓት በኋላ አዲስ መቀስ ከነማኅደሩ አስቀምጠውላት ሄዱ። ከዚህ በላይ ምን ይባላል? በእሳቸው ቤት ነገሩ አልቋል።

ማታ ሊወጡ ሲሉ ቀዳጇን አዩአት። የሥራ ልብሷን አጣጥፋ፣ የጆሮ መሸፈኛዋን በቦርሳዋ ከትታለች። አዲሱ መቀስ እንደተቀመጠ ነው። ውሉ ዛሬ ያበቃል ስለሚል መሄዷ መሆኑን ለአክስቷ እያስረዳች ነበር። አክስቲቱ ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

የስፌት መኪናዎቹ አንድ በአንድ ቆሙ። ጋሽ ፍንጭ መነጽራቸውን ሊሰቅሉ እጃቸውን አነሡ፤ መልሰው አወረዱት።

«ሥራሽን ወድጄዋለሁ» አሉ። ትንፋሽ ወሰዱ። «ከሰኞ ጀምሮ ቋሚ ሠራተኛ ነሽ። እንድትሄጂ አልፈልግም።»

ቀዳጇ ሦስቱንም ዐረፍተ ነገሮች እንደ ጨርቅ መረመረቻቸው። ቀዳዳ አላገኘችባቸውም።

«እሺ» አለች። የሥራ ልብሷን ዘርግታ መልሳ ሰቀለችው።

ጋሽ ፍንጭ ተራራ ወጥተው እንደወረዱ ሰው ወደ በሩ ሲያመሩ፣ ከኋላቸው አንድ የሻከረ ድምፅ ጠራቸው። አንጋፋው ሰፊ ነበር። ከመኪናው ቀና አላለም።

«ጋሼ… የእኔስ ሥራ?»

ጋሽ ፍንጭ በሩን ለቀቁ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ ነግረውት እንደማያውቁ ያን ጊዜ ታወቃቸው። ተመልሰው ከጐኑ ቆሙ።

«ካንተ የተሻለ ሰፊ አላየሁም» አሉት። «ቀደም ብዬ ልነግርህ ይገባኝ ነበር።»

አንጋፋው ሰፊ የመኪናውን ፔዳል ረገጠ። የሰፋው እጅጌ እንደ ጀማሪ እጅ ሥራ ጠመመ። ጋሽ ፍንጭ አዩት፤ በርጩማ ስበው አጠገቡ ተቀመጡና ክሩን አብረውት መፍታት ጀመሩ።