ቀይ በር ያላት ጄታ

ኦክቶበር 12 ቀን 2019፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ ቮልፍስቡርግ በተባለችው የጀርመን የመኪና ፋብሪካ ከተማ ውስጥ አንዲት ብርማ ጄታ መኪና ከአፍንጫዋ እስከ በሮቿ ተወልውላ፣ ከዚያ ወዲያ መወልወያ ሰሙ ላይዋ ላይ እንደ ደረቀ ቀረች። ወልዋዩ ክቡር ጌታ ኤክሃርድ ቤንከ ጀርባዋን ሁልጊዜ ለመጨረሻ ያቆያል፤ ምርጡን ቁራሽ ሳህኑ ዳር ላይ እንደሚያቆይ ሰው። ትንፋሽ ልውሰድ ብሎ ጋራዡ ደጃፍ ካለው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ በሕይወት አልተነሣም። ልጁ ኡልሪከ የቀረውን ልትጨርስ ጨርቁን ደጋግማ አነሣች፣ ደጋግማም መልሳ አስቀመጠችው። እንደ እሱ አድርጎ የሚወለውል የለም፤ ቢኖርም እሱ አያምንበትም ነበር።

የሌላ ከተማ ሰው በፖለቲካ ተጣልቶ ይኮራረፋል። የቮልፍስቡርግ ሰው የሚኮራረፈው በመኪና ጀርባ ነው። እዚህ በየመንገዱ አንድ አወዳዳሪ አለ። አወዳዳሪ ደህና አደራችሁ አይልም፤ ያወዳድራል። ጉዳዩም ይኸው ነው፦ የሁለተኛው ትውልድ ጎልፍና የሁለተኛው ትውልድ ጄታ ከአንድ ፋብሪካ የወጡ እኅትማማቾች ናቸው። እስከ በሮቻቸው ድረስ ከመብራታቸው በቀር አንዷን ካንዷ መለየት ይቸግራል። ከዚያ በኋላ ጎልፍ ድንገት ታበቃለች፤ ጀርባዋ ራሱ ወደ ላይ የሚነሣ በር ነው። ጄታ ግን ትቀጥላለች፤ ራሱን የቻለ የዕቃ ማስቀመጫ አላት።

ክቡርነታቸው ኤክሃርድ ጡረታ እስኪወጡ የሠሩት እዚያው ፋብሪካ፣ ከቀለም በፊት ቆርቆሮውን በመዳፋቸው እየዳበሱ ጉድለት በመፈለግ ነው። ስለዚህ ነገሩን እንደ ቤተሰብ ጉዳይ ነበር የሚያዩት። «ጎልፍ ማለት ቆርቆሮ ያለቀባት ጄታ ናት» ይሉ ነበር፣ በቀብር ላይ ሳይቀር። የጥርስ ሐኪማቸው አንድ ጊዜ አፋቸውን አስከፍታ ጎልፍ እንደምትነዳ ነገረቻቸው፤ መልስ መስጠት ባለመቻላቸው የተሠቃዩትን ያህል በመሰርሰሪያው አልተሠቃዩም። አፋቸውን እንደ ዘጉ የመጀመሪያ ቃላቸው «አይዞሽ፣ ገና ወጣት ነሽ» የሚል ሆነ።

ታዲያ ኡልሪከ ከሃኖቨር እጮኛዋን ቶርስተንን ይዛ በመጣች ጊዜ አስቀድማ መክራዋለች። እሱም የሌላ ፋብሪካ መኪናውን ሁለት መንገድ ወዲያ አቁሞ በእግሩ ገባ። እራት ላይ አማቱን ደስ ላሰኝ ብሎ «እውነትዎን ነው፣ ጎልፍ እኮ ባዶ ሣጥን ነች» አለ።

ሹካው ሳህኑ ላይ አረፈ።

«ምን አልክ?»

«እርስዎ ራስዎ…»

«እኔ ሠርቻታለሁ። የሠራት ይስደባት። አንተ ምን ሠርተህ ታውቃለህ?»

«ኢንሹራንስ ነው የምሠራው።»

«እንግዲያው ድንችህን ብላ።»

ኡልሪከ የሳቀችው ወጥ ቤት ገብታ ነው።

ለአንድ አወዳዳሪ አንድ ተቃዋሚ ያስፈልገዋል። የኤክሃርድ ተቃዋሚ ፊት ለፊት የሚኖረው ካርሜሎ ስፓዳሮ ነበር፤ በወጣትነቱ ከሲሲሊ መጥቶ ዕድሜውን ሙሉ በዚያው ፋብሪካ በር ሲገጥም የኖረ፣ ነጭ ጎልፍ የሚነዳ ሰው። ጄታዋን «ሻንጣ ያዘለች ጎልፍ» ይላታል። «ኤክሃርድ፣ ያቺ ሻንጣ ያዘለች ልጅ ትምህርት ቤት ስንት ሰዓት ነው የምትገባው?» እያለ ከሰገነቱ ይጮኻል። በደግ ቀን «አንተ» ይባባላሉ። ሲከፋው ግን ኤክሃርድ ወደ «እርስዎ»ና ወደ «ሄር»፣ ማለትም ወደ «አቶ»፣ ይሻገራል፤ «ሄር ስፓዳሮ፣ ለእርስዎ የማቀርበው አስተያየት የለኝም» ካለ ካርሜሎ ለሳምንት ያህል ደጁን አይረግጥም።

የኡልሪከ ሠርግ በዚያው ዓመት በኦገስት፣ በፋብሪካው እረፍት መካከል ዋለ። ፋብሪካው ሲዘጋ ከተማው አብሮ ይዘጋል፤ ግማሹ ሰው ባሕር ዳርቻ ነው፣ ግማሹ መንገድ ላይ። እናቷ ካረፈች ወዲህ አባቷ በመኪናው ጋብቻው ወደሚፈጸምበት ማዘጋጃ ቤት ሊያደርሳት ቃል ገብቶላት ነበር፤ ኡልሪከም ከሠርጉ ሁሉ የፈለገችው ይህንኑ ነበር።

ሠርጉ ሳምንት ሲቀረው ክቡርነታቸው ጄታዋን ከጋራዡ ወደ ኋላ ሲያወጡ፣ እንደ ልማዳቸው በመስተዋት ሳያምኑ የሾፌሩን በር ከፍተው አንገታቸውን ወደ ኋላ አሰገጉ። የጋራዡ ምሰሶ ከነበረበት ንቅንቅ አላለም። በሩ ወደ ፊት ተጠማዝዞ ማጠፊያው ላይ ተንጠለጠለ።

ቆርቆሮ ቀጥቃጭ ተፈለገ፤ ዝግ። ቀለም ቀቢ፤ በሩ ላይ «እረፍት ላይ ነን» የሚል ወረቀት። ካርሜሎ ግን ከተማው ውስጥ ነበር፤ ለሠርጉ ብሎ ዘንድሮ ሲሲሊ አልሄደም። ምድር ቤቱ ውስጥም ዝገት ከበላት የቀድሞ ጎልፉ ያተረፈው ቀይ በር አለ። ይህን መንገዱ ሁሉ ያውቃል፤ ኤክሃርድም ያውቃል።

«የጎልፍ በር» አለ ኤክሃርድ፣ ልጁ ስትነግረው።

«ልክ ይገባል አባባ።»

«እንደሚገባ ካንቺ አልማርም።»

«እንግዲያው በካርሜሎ ጎልፍ እሄዳለሁ።»

አባቷ ጨርቁን አንሥቶ ወደ ጋራዡ ሄደ። ኡልሪከ ፈራች። ካርሜሎ ባይሰጥስ? ሰጥቶም አባቷ ባይወስድስ? በማግስቱ ኮቱን ለብሶ መንገዱን ሲሻገር አይታ ተከተለችው።

ካርሜሎ በሩን ከምድር ቤት አውጥቶ ግድግዳ አስደግፎ ጠበቀው።

«አንድ ነገር ብቻ» አለ። «ጎልፍ ቆንጆ ናት በል። ሰው አይሰማም፣ ሁሉም እረፍት ነው።»

«ሄር ስፓዳሮ…»

«ኧረ ተው! በ‹እርስዎ› ከመጣህ በሩን መልሼ አወርደዋለሁ።»

ኤክሃርድ ወደ በሩ ቀረበ። ተንበርክኮ ዐይኑን ጨፈነና መዳፉን በቀዩ ቆርቆሮ ላይ ቀስ ብሎ አሳለፈ፤ ከላይ ወደ ታች፣ ከዚያ በጠርዙ ዙሪያ፣ በሥራ ዘመኑ እንደሚያደርገው። ካርሜሎ ቀልዱን አቆመ። ኡልሪከ አባቷ ሲሠራ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየችው በዚያ ቀን ነው፤ ፋብሪካው ልጆች አያስገባም ነበር።

«ጉድለት የለበትም» አለ ኤክሃርድ በመጨረሻ።

«የየትኛዋ በር ነው?» አለ ካርሜሎ።

«የእኛ ነው።»

ካርሜሎ አፍንጫውን በመሐረብ ጠረገና «ብሎን መፍቻውን አምጣ» አለ። ከሰዓት በኋላ ሁለት ሽማግሌዎች እየተሰዳደቡ በሩን ገጠሙት። ሲዘጋ የሚሰጠውን ድምፅ ለመስማት ብቻ ደጋግመው ዘጉት።

ቀለም የሚቀባ ስላልተገኘ፣ ኡልሪከ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ አንድ በሯ እንደ በሰለ ቲማቲም የቀላ ብርማ ጄታ ውስጥ ገባች። አባቷ በሰዋራው የውኃ ቦይ ዳር መንገድ እንደሚወስዳት ገምታ ነበር። እሱ ግን ወደ ፋብሪካው ታጠፈ፤ በአራቱ ጭስ ማውጫዎች ፊት ለፊት ቀስ ብሎ አለፈ፣ ሰው በሌለበት በዋናው ጎዳና ወረደ፣ ክላክሱን እየነፋ። ክንዱን በመስኮቱ አውጥቶ በቀዩ በር ላይ አንተርሶ ነበር። ከኋላቸው ካርሜሎ በነጩ ጎልፍ ይከተላል፤ እሱም እየነፋ።

«አባባ፣ በሩን አይተው ይስቃሉ» አለችው።

«ይሳቁ» አለ። «እንደዚህ የሚገጥም በር የት ያውቃሉ?»

ከእረፍት የተመለሰው ቀለም ቀቢ ቀጠሮ ቢሰጠውም ኤክሃርድ ሳይሄድ ቀረ። ለጠየቀው ሁሉ ጊዜ አላገኘሁም ይል ነበር፣ ጡረተኛው። ማወዳደሩን ግን አልተወም፤ ቀዩ በር የተሻለው የጄታዋ ክፍል መሆኑን ካርሜሎ ባነሣ ቁጥር ወደ «እርስዎ» ይሻገር ነበር።

በዚያው ኦክቶበር ካርሜሎ ዐይኑ ላይ ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት፣ እንዳይነዳ ተከልክሎ ቤት ዋለ፤ የነጯ ጎልፍ ቦሎም ሊያልፍበት ሆነ። ሐሙስ ዕለት፣ ጋራዡ ደጃፍ ካለው ወንበር ካልተነሣባት ቅዳሜ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ ኤክሃርድ ቤንከ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጎልፍ መሪ ኋላ ተቀምጦ በጎረቤቶቹ ሁሉ ፊት መንገዱን ይዞ ወረደ። ምርመራውን አሳለፋት፣ አዲሱን ቦሎ አስለጠፈላት፣ ጎማዋን አስነፋላት። ከዚያ ካርሜሎ ደጅ አቁሟት ደወሉን ደወለ፤ ቁልፉንም በእጁ ሰጠው።