ለአንዲት ልጅ ሁለት ስፖርት፣ ለሰፈሩ አንድ ጋሽ ቢያድግልኝ

ያልተጠየቀውን የሚመልስ ጎረቤት የሌለው ሰፈር እስካሁን አልተቆረቆረም። መጀመሪያ ቤተ ክርስቲያኑ ይተከላል፣ ቀጥሎ ወፍጮው ይመጣል፣ ከዚያ ይሄ ሰው ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ ወፍጮው በር ላይ ቆሞ ይገኛል። ወፍጮው ዞሮ እንደተተከለም ለባለቤቱ ያስረዳል።

መካነ ሰላም ላይ ለእነ ሄለን ሰፈር የደረሱት ክቡር ጋሽ ቢያድግልኝ ናቸው። የመብራት ሠራተኛ ምሰሶ ላይ ሲወጣ ከሥር ሆነው የትኛውን ሽቦ እንደሚነካ ይነግሩታል። ሠራተኛው አንዴ እዚያው ላይ ሆኖ "አባቴ፣ ወይ እርስዎ ይውጡ፣ ወይ እኔ ልውረድ" ብሏቸዋል። ሄለን ልጇን ስትወልድ ደግሞ ጤና ጣቢያው መስኮት ሥር ቆመው "አብሽሪ! አሁን ነው፣ ግፊ!" ሲሉ አዋላጇ ደንግጣ "የማን አባት ናቸው?" ብላ ጠየቀች። የማንም አባት አልነበሩም። ባሏ እንኳን ሳይሰማ ወንድ ልጅ መወለዱን ለሰፈሩ ያበሰሩት እሳቸው ናቸው። የተወለደችው ሴት ናት።

እንግዲህ የየኔአለም ነገር እኚህን ሰው አለፈ ማለት ዘበት ነው።

የኔአለም የሄለን ታናሽ እህት ናት። ወላጆቻቸው ገጠር ያርሳሉ፤ እሷ እህቷ ቤት ሆና አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትማራለች። እግዜር ሲሰጣት ሳይመዝን ሰጣት። ስምንት መቶ ሜትር ስትሮጥ ሁለተኛ የወጣችው ልጅ ጀርባዋን ብቻ ነው የምታውቀው፤ መረብ ኳስ ስትመታ ደግሞ ከመረቡ ማዶ ያሉት ኳሱን መመለስ ትተው ራሳቸውን ይሸፍናሉ። ደሴ ያለ አንድ ኮሌጅ ስፖርተኛ ሊመለምል ነው ተብሎ ፎርም መጣላት። ፎርሙ ላይ "የስፖርት ዓይነት" ይላል፤ የተተወው ቦታ አንዲት ቃል ብቻ ታስገባለች።

ልጅቷ እስክሪብቶዋን ይዛ አለቀሰች። "እትዬ፣ ሩጫውን ብተው እግሬ ያብዳል፤ ኳሱን ብተው እጄ!"

ሄለን ሕፃኗን አዝላ እያወዛወዘች ስታስብ ጋሽ ቢያድግልኝ በሩን ሳያንኳኩ ገቡ።

"እኔ ልንገርሽ? አንዱን ትያዝ። ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም።"

ሄለን ነገሩ ልክ መሰላት። ሌሊቱን የኔአለምን አባብላ "ሩጫ" ልታስጽፋት ተስማሙ። በማግሥቱ ጠዋት በሩ አሁንም ሳይንኳኳ ተከፈተ።

"እኔ ልንገርሽ? ሁለቱንም ትያዝ። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል ይባላል።"

"ጋሼ! ትናንት እኮ ሌላ ነው ያሉኝ!"

"ትናንት ሰኞ ነበረ" አሉ፣ ምንም ሳያፍሩ።

ችግሩ የተረት እጥረት አልነበረም። የሩጫው አሠልጣኝ መምህር አወቀና የመረብ ኳሷ አሠልጣኝ መምህርት ብርሀንነሽ በዚችው ልጅ ተኳርፈዋል። ሁለቱም ልምምድ የሚይዙት አሥር ሰዓት ላይ ነው። እሱ "ልጄን አድክማ ትልክልኛለች" ይላል፤ እሷ "ቁርጭምጭሚቷን ጨርሶ ነው የሚሰጠኝ" ትላለች። መምህራን ክፍል ውስጥ አንዱ ሲገባ አንዱ ይወጣል። ፎርሙ የሚመለስበት ቀን አንድ ሳምንት ቀርቶታል።

ጋሽ ቢያድግልኝ ከዚያ በኋላ አራት ቀን ድምፃቸው ጠፋ። ሄለን ታመው ይሆን ብላ ልትጠይቃቸው ስታስብ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ሁለት የሰፈር ሽማግሌ፣ በግራ መሪጌታ ገብረ ኢየሱስን፣ በቀኝ አቶ ኃይለ ማርያምን አሰልፈው ደረሱ። ከኋላቸው መምህር አወቀ አለ። ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ፊቱ ግራ ተጋብቷል።

"ነይ፣ አንቺ የቤተሰብ ተወካይ ነሽ" አሏት።

"ወዴት ነው ጋሼ?"

"ሽምግልና።"

መምህርት ብርሀንነሽ ከእናቷ ከወይዘሮ በለጥሻቸው ጋር ነው የምትኖረው። ወይዘሮዋ በሩን ሲከፍቱ ሦስት ሽማግሌ ጋቢ ለብሶ፣ ከዘራ ይዞ፣ ከኋላው አንድ የተላጨ ጎረምሳ አስከትሎ ቆሟል። ያገሬ ሰው ይህን አይቶ ሌላ ነገር ያስባል?

"ግቡ እንጂ፣ ተቀመጡ!"

"ጉዳያችን ሳይፈጸም አንቀመጥም" አሉ ጋሽ ቢያድግልኝ፤ ሽማግሌ የሚለው ይህንኑ ነውና።

ወይዘሮ በለጥሻቸው ነጠላቸውን አስተካክለው መምህር አወቀን ከራሱ እስከ ጫማው አዩት። "ልጁ ይሄ ነው? አገርህ የት ነው የኔ ልጅ?"

"አጅባር ነኝ" አለ የዋሁ።

"ደግ አገር ነው። ሥራህስ?"

"ከልጅዎ ጋር ነው የማስተምረው።"

"እንግዲያ ልጄ ሁልጊዜ የምትረግመው አንተን ነው!"

"እርግማንም ቢሆን ማንሳት ነው" አሉ መሪጌታ ገብረ ኢየሱስ።

ሄለን ሳቋ እንዳያመልጣት ፊቷን ነጠላዋ ውስጥ ቀበረች። ያኔ መምህርት ብርሀንነሽ ፀጉሯን ግማሹን ተሠርታ፣ ግማሹን በትና ከጓዳ ብቅ አለች። መምህር አወቀን ስታይ ማበጠሪያው ከእጇ ወደቀ።

"ምን ሆናችሁ ነው?"

"ስለ የኔአለም ነው" አሉ ጋሽ ቢያድግልኝ፣ ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት እያወጡ። "ልጅቷ ሁለቱንም ብትሞክር ሰዓቷን እንካፈላለን ብላችሁ ሁለታችሁ ፈርሙ። ይኸው ነው።"

"ፊርማ ብቻ?" አሉ ወይዘሮ በለጥሻቸው፣ ልባቸው ወርዶ።

መጀመሪያ የሳቀው መምህር አወቀ ነው። ቀጥላ ብርሀንነሽ ግማሽ ፀጉሯን ይዛ ግድግዳ እስክትደገፍ ሳቀች። ሳቅ ያቀላቀለው ሰው ደግሞ ማኩረፍ አይሆንለትም፤ እሱ ሰኞና ረቡዕን፣ እሷ ማክሰኞና ሐሙስን ተካፍለው ፈረሙ። "እንግዲህ አሁን ተቀመጡ" አሉ ወይዘሮዋ። መምህር አወቀን አጠገባቸው አስቀምጠው የእናቱን ስም ይጠይቁት ጀመር።

ሄለን ግን ወረቀቷን ከቁም ነገር አልቆጠረቻትም። የጋሽ ቢያድግልኝ ፈጠራ ናት ብላ፣ ሰኞ ጠዋት ፎርሙ ላይ ባለው ስልክ ለኮሌጁ ደወለች። "በሁለት ስፖርት መመዝገብ ይቻላል ወይ?" ብላ ጠየቀች፣ "አይቻልም" የሚለውን ለመስማት ዓይኗን ጨፍና።

ስልኩን ያነሳችው ሴት ሳቀች። "ከመካነ ሰላም ነሽ? የሽማግሌው ወገን?"

"የየትኛው ሽማግሌ?"

"ባለፈው ሳምንት የመጡት ናቸዋ! አይቻልም ብለን መለስናቸው። በማግሥቱ በር ሳይከፈት ቆመው አገኘናቸው። 'እኛ አገር ገብስና ስንዴ ቀላቅለን እንዘራለን፤ ውርጭ ቢመጣ ገብሱ ይተርፋል፣ ዝናሙ ቢሰምር ስንዴው ይሰጣል። ማሳው አንድ ነው፣ ማን ከለከለን?' ብለው ኃላፊውን ከቢሮ አላስወጣ አሉ። በመጨረሻ ኃላፊው 'አሠልጣኞቿ ተስማምተው ከፈረሙላት በሁለቱም ትፈተን' አሉ። ፎርሙ ላይ ሩጫ ብላችሁ፣ የፈረሙበትን ወረቀት አያይዙት።"

ሄለን ስልኩን ዘግታ ቆመች። የጎረቤት ዶሮ እንቁላል ስትጥል እንኳ ዜናውን ቀድመው የሚያደርሱት ሰው፣ በመንገድ ላይ ያለውን የአቀስታ ብርድ ችለው ደሴ ደርሰው መጥተው ትንፍሽ አላሉም!

አጥራቸው ጋ አገኘቻቸው። "ጋሼ፣ ምነው ሳይነግሩኝ?"

መሬት መሬቱን አዩ። "ባይፈርሙስ? ልጅቷን ሁለቴ ላስለቅሳት?"

በፈተናው ዋዜማ ሄለን ልጇን አዝላ እህቷን ደሴ አደረሰች፤ ጋሽ ቢያድግልኝ "ለራሴ ጉዳይ" ብለው አብረው ተሳፈሩ። በማግሥቱ የኔአለም ጠዋት ሮጠች፣ ከሰዓት ኳሱን ደበደበችው። ጋሽ ቢያድግልኝ ዳኛውን የት መቆም እንዳለበት ሲያስተምሩት ጥበቃው ክንዳቸውን ይዞ ከአጥሩ ውጭ አወጣቸው። ሄለን ወንበር ነበራት። ትታው ወጥታ አጠገባቸው ቆመች።

ወደ ማታ ስም ተጠራ። የኔአለም በሩጫ ተጠራች። ከብዙ ስም በኋላ በመረብ ኳስም ተጠራች። ሜዳው ውስጥ ልጅቷ እየዘለለች ነበር።

ጋሽ ቢያድግልኝ የሽቦውን አጥር በሁለት እጃቸው ይዘዋል። ከሰው አፍ ላይ ቃል ነጥቀው የሚጨርሱት ሰውዬ ዛሬ ጠያቂ ሆኑ።

"ምን አሉ?" አሉ።

"በሁለቱም አለፈች ነው ያሉት፣ ጋሼ።"

"አልሰማሁም፤ እስቲ ድገሚልኝ።"

ደገመችላቸው። ጋቢያቸውን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ቆዩና፣ አንዴ ደግሞ እንድትነግራቸው ለመኗት።