የጎርጎራ ጀልባና የኮምፒውተራችን ሰዓት

የእጅ ጽሑፌ ዶሮ የጫረው ስለሚመስል አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሀሌታው ሀ እና ሐመሩ ሐ ዛሬም ይምታቱብኛል፤ ስምንተኛን ያለፍሁት በጭንቅ ነው። እናንተ ሐሳቡን ብቻ ያዙልኝ።

እኛ ቤት ከወንድሜ በቀር የኮምፒውተርን ሰዓት የሚያምን የለም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ስምንት ይላል፤ ዓመቱንም ሰባት ስምንት አስቀድሞ ይቆጥራል። እናቴ «የፈረንጅ ነው፣ ተዉት» ትላለች። እንዲህ የተናቀ ሰዓት የምር ሲሳሳት ማን ልብ ይለዋል? ማንም።

ኮምፒውተሩ የወንድሜ የይበልጣል ነው። አሮጌ ስለሆነ ሊኑክስ የሚባል ቀለል ያለ ሲስተም ጫነበት። በግንቦት ጎርጎራ ሥራ አገኘና በጀልባ ሐይቁን ተሻገረ። የእናቴ ስልክ ድምፅ እንጂ መልክ ስለማያመጣ፣ «እሑድ እሑድ በኮምፒውተሩ ታዩኛላችሁ» ብሎን ነበር። እሑድ ደረሰ፤ የምንተያይበት የኢንተርኔት ገጽ አልከፈት አለ። ሌላም እሑድ፣ ሌላም። በየሳምንቱ ፀጉሬን ተሠርቼ እቀመጣለሁ፤ በጠቆረው ስክሪን የማየው የራሴን ፊት ነው። ሐይቁ ዳር ወርጄ ወደ ማዶ አያለሁ። ጎርጎራ አይታይም፤ ውኃ ብቻ።

በሐምሌ እናቴ ፔዳ ግቢ፣ ዩኒቨርሲቲ የምትማረውን ተከራያችንን ሰላምን ጠራቻት። ሰላም ገና ስታየው ሳቀች።

«እትዬ፣ ይኼ እኮ አምና ላይ ነው ያለው። ሰዓቱ ከተዛባ ገጹ አያስገባም።»

«እኛስ ሁልጊዜ ወደ ኋላ አይደለን እንዴ?» አለች እናቴ።

ሰላም የሰዓት ክልሉን አየች፤ አዲስ አበባ ይላል፣ ልክ ነው። ከሶኬት ነቅላ መልሳ ሰካችው፤ ከነስሕተቱ መቁጠሩን ቀጠለ፤ የሰዓቱ ባትሪም ደህና ነው ማለት ነው። ከዚያ፣ ከኢንተርኔት ሰዓት እንዳይቀበል መዘጋቱን አገኘች።

«ይኼ በራሱ አይዘጋም፤ ሰው ነው የዘጋው። አንቺ፣ ነካክተሽ ነበር?»

«እኔ ምን አውቄ» አልሁ።

ከፈተችው። ሰዓቱ ዘሎ ልኩ ላይ ተቀመጠ። ይበልጣል ታየ፤ ከስቷል፣ ጢም አብቅሏል። እናቴ ስክሪኑን በነጠላዋ ጠረገችው።

«ያቺ ዝምተኛስ?» አለ። በሩ ጀርባ ነበርሁ።

የጎርጎራ ጀልባ የሚሄደው በሳምንት አንዴ ነው። በሄደበት ጠዋት ይበልጣል ስልኩን ሻንጣው ውስጥ ከቶ፣ ሰዓት የሚያየው ከኮምፒውተሩ ነበር። ሻይ ሊቀዳ ሲነሣ፣ እሱ ራሱ ባሳየኝ ማስተካከያ ገብቼ ከኢንተርኔት መቀበሉን ዘጋሁና ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደ ኋላ መለስሁት። ጀልባው ካመለጠው ሰባት ቀን አብሮን ይቆያል ብዬ ነው። ስጣደፍ ዓመቱም አብሮ ወደ ኋላ ሄደ። ጥቂት ቆይቶ የጀልባው ጥሩምባ ጮኸ፤ ይበልጣል ሻንጣውን አንሥቶ ሮጠ።

ሁለት ወር ሙሉ እናቴንም ራሴንም መልኩን የከለከልሁ እኔ ነኝ። ይኼን ለማንም ነግሬ አላውቅም።