የቦሎኛ ሱጎ ሠርቼ እህቴን ከቤቴ አስወጣሁ

ወገኖቼ፣ ዛሬ የሠራሁትን ስነግራችሁ ግማሾቻችሁ አንፍሬንድ ታደርጉኛላችሁ። መብታችሁ ነው!

ፖስቴ ያሰለቻችሁ እንደምታውቁት፣ ከመሥሪያ ቤት ለቺዝ አሠራር ሥልጠና ጣሊያን፣ ቦሎኛ ሄጄ ነበር። ሦስት ሳምንት።

ሦስት ሳምንት ብቻ!

ስመለስ ግን የሆሳዕና ብቸኛ ጣሊያናዊት እኔ ሆንኩ። ፓስታ ሰብሮ የሚቀቅል ሰው ሳይ "ኖ!" ብዬ እጮኻለሁ። ከምሳ በኋላ ካፑቺኖ ያዘዘች ጓደኛዬን ካፌ ውስጥ ሰው ፊት አርሜያታለሁ። (ይቅርታ ቤቲ።)

ከተማው ግን እውነት ያሳብዳል። ዝናብ ሳይነካችሁ በረንዳ ለበረንዳ ትሄዳላችሁ፤ በየሱቁ ቺዙ እንደ ጎማ ተደራርቧል። ቤቷ ያረፍኩባት ሲኞራ ፍራንካ ዱቄቱን በእንቁላል ለውሳ በረጅም መዳመጫ ስታሳሳው ነጠላ ይመስላል። ሱጎውን አራት ሰዓት ሙሉ ታበስለዋለች። ቆሜ አየሁ፣ ቪዲዮ ቀረጽኩ፣ በላሁ። በቃ፣ የቻልኩ መሰለኝ!

ዛሬ እሁድ ከቸርች መልስ አለቃዬንና ሁለት ባልደረቦቼን ምሳ ጠራሁ። እህቴንም ከሺንሺቾ አስመጣኋት።

እቴቴ ነው የምላት። እናታችን ስትሞት ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ያሳደገችኝ እሷ ናት። እዚያ መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ምግብ ቤት አላት። የምትሸጠው ፓስታ በሱጎ ነው። እኔ የተማርኩት በዚያ ፓስታ ነው።

እቴቴ ቆጮና ቅቤ ተሸክማ ደረሰች። እኔስ? "ሽታው ከቺዙ ጋር አይሄድም" ብዬ ጓዳ ከተትኩት።

አዎ፣ እንደዛ አልኳት!

ከዚያ መብራት ጠፋ። ድስቱን ከሰል ላይ አዛወርኩና ፓስታዬን ፎቶ ላነሳ ሄድኩ። እቴቴ መጥታ ጆሮዬ ሥር፣ እንግዶቹ እንዳይሰሙ በከምባትኛ፣ "ሱጎው ሥሩ እየያዘብሽ ነው፣ ላውጣው?" አለችኝ።

እኔ በአማርኛ፣ ጮክ ብዬ፦ "እቴቴ፣ ተዪው! ቀስ ብሎ ነው የሚበስለው!"

ምሳ ቀረበ። ሁሉም ጎረሰ። ሁሉም ዝም አለ። እኔ ዝምታውን አድናቆት አደረግኩት።

እቴቴ ዙሪያዋን አየችና "ትንሽ ሚጥሚጣ ጣል ቢደረግበትስ?" አለች።

እኔም፦ "ኧረ እቴቴ! ይሄ እኮ ያንቺ ምግብ ቤት አይደለም!"

አለቃዬ ውሃ አነሳ። አንድም ሰው አልሳቀም።

እቴቴ "ልክ ነሽ" አለች። ሳህኗ ላይ ያለውን አንድም ሳታስቀር በልታ ጨረሰች። እጇን ታጥባ፣ እንግዶቹን ተሰናብታ፣ "መኪና ሳያልቅ ልሂድ" ብላ ወጣች። እስከ በር እንኳን አልሸኘኋትም፤ ቺዝ እየፈቀፈቅኩ ነበር!

ወይዘሮ አስቴር፣ ቢሮ ከጎኔ የምትቀመጠው፣ ሹካዋን አስቀመጠች።

"ልጄ፣ ሱጎው አርሯል። ሚጥሚጣ ያለችው ሽታውን ልትሸፍንልሽ ነበር።"

ቀመስኩት። በትክክል፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀመስኩት።

ከሰል!

ይሄ አይበቃም? አይበቃም! ስልኬ ጮኸ። ሲኞራ ፍራንካ፣ በቪዲዮ። ምሳውን እንደማሳያት ቃል ገብቼላት ነበር። አላነሳውም ብዬ ሳስብ አለቃዬ "ጣሊያኗ ናት?" ብሎ ስልኩን አቀበለኝ። ሴትዮዋ ድስቱን አልጠየቀችም። በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዋ፣ "እህትሽን አሳዪኝ!" አለች።

"የቷን?"

"ምግብ የምትሸጠዋን! የኔ ኩሽና ውስጥ ያለቀስሽላትን! የሷን እጅ የሚያህል የለም ያልሽኝን!"

ለካ ብዬ ነበር። እዚያ ሆኜ፣ ናፍቄያት፣ ሱጎው ሲበስል እያየሁ ለማላውቃት ሴትዮ ብዬ ነበር። እቴቴ ራሷ ግን ከኔ አፍ አንድ ቀን ሰምታው አታውቅም።

"ሄዳለች" አልኩ።

"ሰላም ሳልላት?" አለች። ቅር አላት።

እንግዶቼ ሲወጡ ለእቴቴ ደወልኩ። በሦስተኛው ጥሪ አነሳች። መኪና ውስጥ ናት፣ ሰው ይንጫጫል። ይቅርታ አልኳት፤ ማረሩን ነገርኳት፤ ሲኞራዋ የጠየቀችውንም።

"አልተቀየምኩሽም። አንቺን ተቀይሜ የት እደርሳለሁ? ግን ከዚህ በኋላ እንግዳ ሲኖርሽ አትጥሪኝ" አለች።

ዘጋችው።

ነገ ፈቃድ ጠይቄ ሺንሺቾ እሄዳለሁ። አለቃዬ ምክንያቱን አይጠይቀኝም፤ በአፉ ቀምሶታል።

እስቲ ምከሩኝ፣ ስደርስ ከምን ልጀምር? አደራ ግን፣ "አብስዪላት" የሚል ሰው ብሎክ ነው!