ቅዝቃዜ ፍለጋ የቀበርኩት ቱቦ

ፊዚክስ የተማረ ባል ምንም ካልተማረ ባል ይልቅ ለቤቱ አደገኛ ነው! ይህን የምለው በሰው አይቼ አይደለም... በራሴ ነው። ከአዲስ አበባ መጥቼ ወረታ ላይ ፊዚክስ የማስተምር፣ እዚሁም ያገባሁ ሰው ነኝ።

የወረታን የግንቦት ፀሐይ የማታውቁ ካላችሁ ልንገራችሁ። ዝናብ ሊገባ ሲል የፎገራ ሜዳ ይሰነጣጠቃል፤ የቆርቆሮ ቤት ደግሞ ሰው ይቀቅላል። ባለፈው ግንቦት ሙሉ የምትባለው ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ነበረች፤ የመጨረሻ ወሯ ነው። እግሯ አብጦ ጫማ አልገባ ብሏታል፤ ቀን መቀመጥ የለ፣ ማታ መተኛት የለ። እናቷ እማማ ጥሩነሽ ከደብረ ታቦር በየቀኑ ይደውላሉ።

"ልጄ እዚያ እሳት ውስጥ አትወልድም! መጥቼ እወስዳታለሁ!"

ደብረ ታቦር ደጋ ነው፤ እውነታቸውን ነው። ግን እናንተው ፍረዱኝ! የመጀመሪያ ልጄ ሲወለድ እኔ እዚህ ስለ መሬት ስበት እያስተማርኩ፣ ወንድ ይሁን ሴት በስልክ ልሰማ?

ቬንትሌተር ገዛሁ። የሞቀውን አየር አንስቶ ፊታችን ላይ መወርወር ሆነ ሥራው። ከዚያ ስልኬ ላይ አንድ ቪዲዮ አየሁ... አንድ ፈረንጅ ግቢውን ቆፍሮ ረጅም ቱቦ ይቀብራል። የውጭው አየር በቱቦው መሬት ውስጥ ለውስጥ ሲጓዝ ይቀዘቅዝና ቤት ይገባል። ጥልቅ ያለ አፈር የቀኑን ፀሐይ መቼ ያውቃታል? ይህንን እኔው ራሴ አስተምረው የለ እንዴ!

ዶማ አነሳሁ። ሩዝ አምራቹ ጎረቤቴ አያ ዘለቀ በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አስግገው አዩኝ።

"መምህር፣ ምን ልትቀብር ነው?"

"ቅዝቃዜ ላወጣ ነው፣ አያ ዘለቀ።"

"ከመሬት?"

"ከመሬት!"

"እዚህ ቅርብ ወንዛዬ ላይ ከመሬት የሚወጣው ፍል ውሃ ነው። ቅዝቃዜ የወጣበት አገር ግን አልሰማሁም!"

ሳቁብኝ። ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ግን የራሳቸውን ዶማ ይዘው መጡ። የእኛ ጥቁር ዋልካ አፈር ግንቦት ላይ ድንጋይ ነው፤ ወገባችን ተቆረጠ። ከሰው ቁመት በላይ ቆፍረን ቱቦውን ዘረጋን። አንዱን ጫፍ ግቢው ዳር ካለው ማንጎ ሥር አወጣነው፤ ሌላውን መኝታ ቤት አስገብተን አየር የሚስብ ማራገቢያ ገጠምንለት። ማብሪያውን ስጫነው... ወይ ጉድ! ቀዝቃዛ አየር! ሙሉ ጋደም ከማለቷ እንቅልፍ ወሰዳት። አያ ዘለቀ እጃቸውን ቱቦው አፍ ላይ ዘርግተው ቆሙና "አሃ..." ብቻ አሉ።

በማግስቱ እማማ ጥሩነሽ ሳይነግሩን ደረሱ። ወደ ውስጥ እንኳ ሳይዘልቁ "ዕቃሽን ሸክፊ፣ ነገ እንሄዳለን" ብለው ልጃቸውን አዘዙና፣ ላባቸውን እየጠረጉ ማንጎው ጥላ ሥር በርጩማ ላይ ተቀመጡ። እኔና ሙሉ መኝታ ቤት ገብተን በሩን ዘጋን። መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ቆሟል።

"ልትሄጂ ነው?"

"እናቴ ናቸው፤ ምን ልበላቸው?"

"ስሚኝ፣ አንዴ ከወሰዱሽ አይመልሱሽም! እሳቸው የወሰዱትን መቼ መልሰው ያውቃሉ? የጎረቤት ወንፊት እንኳ..."

"የማንን ወንፊት ነው ያልመለስኩት?"

ሙሉ አፏን በእጇ ያዘች። እኔ አልጋ ሥር አጎንብሼ አየሁ... ማንም የለም። ድምፁ የመጣው ከቱቦው ነው! ለካ እማማ የተቀመጡት ከወዲያኛው ጫፍ አጠገብ ኖሯል። አየር የሚያሳልፍ ቱቦ ድምፅም እንደሚያሳልፍ ያልታወሰው መምህር... እንግዲህ ተማሪዎቼ እንዳይሰሙ አደራ!

"እማማ... እኔ እኮ..."

"ቀጥል እንጂ፤ እየሰማሁ ነው።"

ምን ቀረኝ? ቱቦው ፊት ተንበረከክሁና የልቤን ተናገርሁ።

"እማማ፣ እርስዎን ጠልቼ አይደለም። እኔ አባቴን ሳላውቅ ነው ያደግሁት። ልጄ ዓይኑን ሲገልጥ አጠገቡ መሆን እፈልጋለሁ። መሬቱንም የቆፈርኩት ለዚሁ ነው።"

በርጩማው ሲንቀሳቀስ በቱቦው ሰማሁ። ጥቂት ቆይቶ በሩ ተንኳኳና እማማ ገቡ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ ቀና ብለው ግን አላዩኝም። በዚህ መሐል መብራቱ መጣና ማራገቢያው ተነሳ። ነፋሱ ፊታቸውን ሲዳብሳቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ።

"እንዲህ ከሆነማ የትም አትሄድም" አሉ።

ላቅፋቸው ስነሳ ጨመሩ፦ "እኔም አልሄድም።"

ሴት ልጃችን ሰኔ ላይ እዚሁ ወረታ ተወለደች። የማዋለጃ ክፍሉ በር ላይ ነበርኩ፤ የመጀመሪያ ለቅሶዋን በገዛ ጆሮዬ ሰማሁ። እናትና ልጅን ይዘን ቤት ስንገባ ሮጬ ማራገቢያውን አበራሁት። እማማ ግን ከእኔ ፈጥነው አጠፉት። ከዚያ አሮጌ ጋቢ ጠቅልለው ቱቦው አፍ ውስጥ እስከ ክንዳቸው ድረስ ወተፉት!

"እማማ! ምነው?"

"አራስ ቤት ነፋስ ይገባል እንዴ? ልጄን ልትገድልብኝ ነው?"

"ሙቀቱስ?"

"ሙቀትማ ለአራስ መድኃኒቷ ነው!"

መስኮቱንም ዘጉት። ሙሉ ብርድ ልብሷ ውስጥ ሆና ላቧ በግንባሯ እየወረደ አየችኝ። እኔም ልጄን ታቀፍሁ... ላቤ እንዳይንጠባጠብባት አንገቴን ወደ ጎን ሰብሬ!