ከሶፋው ሆድ የወጣው ከረጢት

የሰው ገንዘብ መመለስ ቀላል ነገር ነው፤ ያገኘው ሌላ ሰው ከሆነ። አንድ የታክሲ ሹፌር ቦርሳ ሙሉ ብር ለባለቤቱ መለሰ ሲባል ሰምተን «እሰይ! እንዲህ ያለውን ያብዛልን» እንልና ሻያችንን ፉት እንላለን። ቦርሳው እኛ እግር ሥር ቢወድቅስ? መጀመሪያ ግራ ቀኝ እናያለን። ቀጥሎ ወደ ሰማይ እናያለን፤ ለማማከር እንዳይመስላችሁ፣ ለማመስገን ነው። «የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለውን ተረት ያወጣው ሰው ወርቁ ሳይደርሰው የቀረ ሰው ይሆን እንዴ እያልኩ የማስብበት ጊዜ አለ።

ይህን የምለው ከሜዳ ተነሥቼ አይደለም። እኔና ባለቤቴ አስቴር የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ቤቱ ሲደርሰን ወለሉ ባዶ ሲሚንቶ ነበር፤ ዛሬም ባዶ ሲሚንቶ ነው። ሴራሚክ ለማስነጠፍ ያላሰብንበት ዓመት የለም፤ እኛ ባሰብን ቁጥር ግን ዋጋው ቀድሞን ይሄዳል። በመጨረሻ አስቴር «ወለሉ ካልሆነ መቀመጫው ይሁን» ብላ ስልኳ ላይ ያገለገለ ሶፋ ታፈላልግ ጀመር። ሃያ ሁለት አካባቢ ሰብለ የምትባል ሴት የምትሸጠው አንድ ረጅም ሶፋ አገኘች። ሄደን አየን፣ ተከራከርን፣ ገዛን። ያገለገለ ዕቃ ስትገዙ ታዲያ ዕቃውን ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የቤቱንም ጉድ አብራችሁ ትጭናላችሁ።

ሶፋው ሦስተኛ ፎቅ መታጠፊያ ላይ ተሰነቀረ። ወደ ላይ አይል፣ ወደ ታች አይል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ ዕቃ ሲሰነቀር በሩን የከፈተ ሁሉ መሐንዲስ ነው። «ወደ ግራ!» «አቁሙት እንጂ!» «እግሩን ንቀሉት!» የብሎካችን ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ጡረተኛው አቶ ግርማቸው፣ በፒጃማ ወጥተው ትእዛዝ ይሰጣሉ። ጫኝና አውራጆቹ ሶፋውን ገልብጠው ሲጎትቱት ከሥሩ የተለበደው ጨርቅ ተርተር ብሎ ተቀደደ። ከውስጡ አንድ ነገር ዱብ አለ።

ሁሉም አንገቱን አሰገገ። ከአቡጀዲ የተሰፋ፣ አፉ በቀይ ክር ጥልፍልፍ ተደርጎ የተዘጋ፣ ጠብደል ያለ ከረጢት ነው። አንሥቼ ጫን ጫን አደረግሁት። ብር መሆኑን ጣት አይስተውም።

ከዚያማ ሸንጎ ተቀመጠ። ሶፋው እንደተሰነቀረ፣ ከላይ ያለው መውረድ፣ ከታች ያለው መውጣት አቅቶት፣ ሰው ሁሉ የቆመበት ደረጃ ላይ ሆኖ ይፈርድ ጀመር።

«የገዛኸው ሶፋውን ከነሆዱ ነው» አሉ አቶ ግርማቸው። «በግ ገዝተህ ስታርደው ሞራ በሞራ ቢሆን፣ ሞራውን ለነጋዴው ልትመልስለት ነው?»

ሁለተኛ ፎቅ ያለችው ነርስ ትንሽ ሻል ብላ ግማሹ ይመለስ፣ ግማሹ ለወሮታ ይያዝ አለች። ሌላው ደግሞ አሥራት ከወጣለት ገንዘቡ ይነጻል ባይ ነው፤ ልክ እንደ ቆሸሸ ሸሚዝ። እኔስ? ምን እደብቃችኋለሁ፤ ዓይኔ ከረጢቱ ላይ ነው፣ ልቤ ግን ሳሎኑን እየለካ ነው። የሴራሚኩን ቀለም እንኳ መርጬ ጨርሻለሁ።

«እግዜር የሰጠህን አትግፋ!» አሉኝ አቶ ግርማቸው።

«እግዜር ሲሰጥ በመርፌና ክር አይሰፋም» አለች አስቴር፣ ከረጢቱን ከእጄ መንጭቃ። «ይሄን የሰፋ እጅ አለ።»

ሰው ሁሉ እንዲሰማ የስልኳን ድምፅ ከፍ አድርጋ እዚያው ሰብለ ጋ ደወለች። ሶፋው ውስጥ የተሰፋ ከረጢት አገኘን ስትላት ሰብለ ቶሎ ብላ ጠየቀች፦

«ክሩ ምን ዓይነት ነው?»

«ቀይ።»

«እንዳትፈቱት! በማርያም፣ ስፌቱን እንዳትነኩት!» አለችና ስቅስቅ ብላ ታለቅስ ጀመር።

ቀስ በቀስ ነገረችን። ሰብለ የምትኖረው ከባሏና ከአማቷ ከእማማ ተዋበች ጋር ነው። ብሩ የተቀየረ ሰሞን፣ አገር ምድሩ የደበቀውን አውጥቶ ባንክ ሲሰለፍ፣ እማማም ያጠራቀሙትን ሊያስቀይሩ ሣጥናቸውን ከፈቱ። ከረጢቱ የለም! ቀን ቀን አብራቸው ቤት የምትውል ደግሞ ሰብለ ብቻ ናት። እማማ «ሰረቅሽኝ» አላሉም፤ ቢሉ ይሻላት ነበር። ሣጥኑ ላይ ጓጉንቸር አንጠለጠሉ፣ ቁልፉን መቀነታቸው ላይ ቋጠሩ። ከዚያ ወዲህ ሰብለ በአጠገባቸው ባለፈች ቁጥር መቀነታቸውን ዳበስ ያደርጋሉ። እንግዳ ፊትም ቢሆን። ባሏም ከእናቱና ከሚስቱ ማንን እንደሚያምን ግራ ገባው።

«እህቴ፣ ዳበስ ባደረጉ ቁጥር እሞት ነበር» አለች ሰብለ።

የእኔ ጆሮ ግን አንድ ነገር ላይ ቀርቷል። ብሩ የተቀየረ ሰሞን? እንግዲያው ከረጢቱ ውስጥ ያለው አሮጌው ብር ነው! ባንክ አይቀበለው፣ ሱቅ አይቀበለው። ሴራሚኬ ገና ሳይነጠፍ ተሰባበረ። ነገሩ ለጎረቤቶቼም የገባቸው እኩል ከእኔ ጋር መሰለኝ፤ ደረጃው በሙሉ ባንዴ ጨዋ ሆነ።

«መመለስ ነው እንጂ!» አሉ አቶ ግርማቸው ቆጣ ብለው። «የሰው ሐቅ አይደለም እንዴ?» ነርሷም ወሮታውን ተወችው።

አስቴር ግን እንዳትጓጓ ብላ «ሰብልዬ፣ ብሩ እኮ አሁን ዋጋ የለውም» አለቻት።

«ዋጋ የለውም? ለእኔ ከዶላር ይበልጣል! ነገ እማማን ይዣቸው እመጣለሁ።»

በማግስቱ ሰብለ ሠርግ እንደሚሄድ ሰው የሐበሻ ቀሚስ ለብሳ መጣች። እማማ ተዋበች ከኋላዋ ከዘራቸውን እየተመረኮዙ፣ በየፎቁ አረፍ እያሉ ወጡ። ለምን እንደመጡ አያውቁም፤ «ሶፋችንን የገዙት ሰዎች ሊያዩዎት ይፈልጋሉ» ብቻ ነው የተባሉት። የደረጃው በር ሁሉ ክፍት ነው። አቶ ግርማቸው ፒጃማውን ትተው ኮት ከነክራቫቱ ለብሰዋል፤ ምስክር ናቸዋ!

እማማን እዚያው ሶፋ ላይ አስቀመጥናቸው፤ እግሩ ተነቅሎ በስንት መከራ ገብቷል። አስቴር ከረጢቱን ጉልበታቸው ላይ አኖረችላቸው። አዩት። ቀዩን ክር በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

«እማማ፣ ከሶፋው ሆድ ሲወጣ ሁላችንም በዓይናችን አይተናል፤ ማንም አልነካካውም» አሉ አቶ ግርማቸው ጉሮሯቸውን ጠርገው።

«ይሄ የእኔ እጅ ነው» አሉ እማማ ቀስ ብለው። «ጎረቤት ሌባ የገባ ጊዜ... ሣጥን አይታመንም ብዬ... ውይ! ውይ፣ እኔን ይድፋኝ! እኔው ነኝ የሸሸግሁት፣ እኔው ነኝ የረሳሁት!»

እኚያ ከዘራ የማይለያቸው አሮጊት ያለ ከዘራ ብድግ አሉ። በድሮው ወግ የበደለ ሰው ይቅርታ የሚጠይቀው ድንጋይ ተሸክሞ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ድንጋይ ከየት ይምጣ? ግራ ቀኝ አዩና የሶፋውን ትራስ አንሥተው ማጅራታቸው ላይ ጫኑ። በዚያ በማይታጠፍ ወገባቸው ሰብለ ፊት ጎንበስ አሉ።

«ይቅር በይኝ ልጄ። ስምሽን አጎደፍሁት።»

ሰብለ ትራሱን ነጥቃ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ስትል አንገቷ ላይ ተጠመጠሙ። እሳቸው አለቀሱ፣ እሷ አለቀሰች፣ አስቴር አለቀሰች፣ እኔም ዓይኔ ውስጥ አንድ ነገር ገባ። ከዚያ ሰብለ ቀና አለችና እልልታዋን አቀለጠችው! ሦስተኛ ፎቅ ተቀበለ፣ ሁለተኛ ፎቅ ተቀበለ፣ ምድር ቤት ያለችው ባለ ሱቅ ምን እንደተገኘ ሳታውቅ ተቀበለች። በሠርጌ ቀን እንኳ እንዲያ ያለ እልልታ አልሰማሁም።

ከረጢቱ ሲፈታ ያው የፈራሁት፣ የአሮጌው ባለ መቶ ብር ክምር ነው። ማንም ዞር ብሎ አላየውም። እማማ መቀነታቸውን ፈትተው የሣጥኑን ቁልፍ ሰብለ መዳፍ ላይ አኖሩት።

«ካሁን ወዲያ አንቺ ጋ ይሁን።»

ሰብለ እንባዋን እየጠረገች ሳቀች። «ቁልፉንስ እይዘዋለሁ፤ መርፌና ክሩንም ይስጡኝ እንጂ!»

ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። የሰብለ ስም ግን ያን ሁሉ ዓመት የዋለው ከሶፋ በታች ነበር፤ እኛ ከረጢቱን ብናስቀረው ኖሮ ለእኛ ወረቀት፣ ለእሷ ሌብነት ሆኖ ይቀር ነበር። ይህን ሳስብ ደረቴ ተነፋ። እንግዶቻችንን እስከ ታክሲ ሸኝተን ተመለስንና ሶፋችን ላይ ቁጭ አልን፤ አስቴር በዚያ ጫፍ፣ እኔ በዚህ ጫፍ።

ሰው ነኝና፣ እጄን በመቀመጫውና በመደገፊያው መሀል ቀስ አድርጌ ሰደድሁ። ክፉ አስቤ አይደለም፤ ሌላ ስሙ የጠፋበት ሰው ካለ ላግዘው ብዬ ነው። ወደ መሀል ስደርስ ጣቴ የሰው ጣት ነካ። የሚስቴ ነው።

«ትራሱን ላስተካክል ብዬ ነው» አለች አስቴር።

«እኔም» አልኋት።